ዝገት የበላው ዲኤክስ፦ ግቢህ ውስጥ የምትሠራውና ለበያጅ የምትተወው

ወንድሜ፣ ሰላም ነው? ጥያቄህን አንብቤዋለሁ። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ባጭሩ ልድገመው። ከአባትህ የደረሰህ፣ በፈረንጆቹ 80ዎቹ የተሠራ ኮሮላ ዲኤክስ አለህ። በኋላ ጎማዎቹ ዙሪያ ቀለሙ እያበጠ ነው። የሹፌሩ በር ከታች ጠርዙ በስቷል። ከበሩ ስር ያለው ደፍ ላይ ደግሞ ካቻቢቴ ስትጫንበት የሚሰረጉድ ቦታ አግኝተሃል። አንዱ ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ቆርቆሮ የሚያስተካክል ባለሙያ) የጠራልህ ዋጋ አስደንግጦሃል፣ ሌላው «በስቱኮ ድፍን አርጌ ከነገ ወዲያ እሰጥሃለሁ» ብሎሃል፤ ስቱኮ ማለት ጉድጓድ የሚሞላበት፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሊጥ ነው። አንተ ግራይንደርና ድሪል አለህ፣ ብየዳ አትችልም፣ ግቢህ ሰፊ ነው። እቤት ልሠራው እችላለሁ ወይ ነው የምትለኝ።

አብዛኛውን ትችላለህ። በሩንና የጎማውን ዙሪያ ራስህ ሥራው። ደፉን አትንካው፣ እሱ የበያጅ ነው፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ስቱኮ ድፍን ያለህን ሰውዬ ደግሞ ዝም ብለህ እለፈው።

«ይሄን አሮጌ መኪና ምን አስለፋህ፣ ሽጠውና ሌላ ግዛ» የሚሉህ ሰዎች እንደማይጠፉ እገምታለሁ። ሒሳቡ ግን እንደድሮው አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቀለው፤ ብዙ ዓመት ባገለገሉት ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። ስለዚህ ሞተሩ ደህና ከሆነ ቦዲውን ማዳን ያዋጣል። እኔ ብሆን አልሸጠውም።

መጀመሪያ ግን ምን ያህል እንደተበላ እወቅ፣ ዓይንህን ብቻ አትመን። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ውሃና ኦክስጅን ብረቱን ሲበሉት የሚፈጠረው ቀይ ነገር ከዋናው ብረት በጣም ስለሚያብጥ ቀለሙን ከስር እየገፋ ያነሳዋል፤ አረፋ መስሎ ያየኸው እሱ ነው። በጎማ ዙሪያና በበር ታች ደግሞ ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከውጭ ሳይሆን ከጀርባ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ሳንቲም የምታክል እብጠት ስታይ ከኋላዋ መዳፍ የሚያህል ቦታ አልቆ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮውም ቢሆን ድሮም ወፍራም አልነበረም፣ የዚያን ዘመን መኪና የውጭ ላሜራ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ፈልግ። ቀለሙን እንዳይቧጭርብህ በስስ ጨርቅ ጠቅልለውና ቀስ እያልክ በመኪናው ዙሪያ አስኪደው። ጤነኛ ላሜራ ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ስቱኮ የተለሰነበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይላላል፣ ስቱኮው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ይወድቃል። መኪናው ስንት ጊዜ ተጋጭቶ ስንት ጊዜ እንደተለሰነ ያኔ ታያለህ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ዲኤክስ ያለ ስቱኮ ማግኘት ራሱ ዜና ነው። የወደቀበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ክበብበት። ከዚያ ካቻቢቴ ያዝና እየጫንክ ፈትሽ፣ በተለይ ከስር ሆነህ። በእጀታው ቆርቆር ስታደርገው ጤነኛው ይጮሃል፣ የተበላው ግን ድፍን ያለ ድምፅ ነው የሚሰጥህ። ከስር ለመግባት ደግሞ ክሪክ ብቻ አትመን፤ ካቫሌቶ (መኪናውን ደግፎ የሚያቆም የብረት እግር) ሳታስገባ እንኳን ሰውነትህ እጅህም ከመኪናው ስር አይግባ። የደፉ ጠርዝ ላይ፣ ክሪክ የሚያርፍበት ቦታ፣ የበሰበሰ ከሆነ ክሪኩ እየቀደደው ወደ ላይ ይገባል፤ ስለዚህ አንተ መኪናውን በጎማው ተሸካሚ ብረት በኩል አንሳው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዝገት ቦታ ይመርጣል። ውሃ ገብቶ የማይወጣበትን ቦታ ነው የሚመርጠው። አንተ ቀዳዳውን ብትደፍነውና ውሃው መንገዱን ካላገኘ በሚመጣው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ያብጣል፣ ቀለምህን ይዞ። ብዙ ሰው «ባትላሜራው ሸወደኝ» ሲል ጥፋቱ ግማሹ እዚህ ነው ያለው፤ ሠሪው ቆርቆሮውን ሠራ፣ ውሃውን የጠየቀ ግን የለም።

የበርህን ነገር ላሳይህ። ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱና በመስታወቱ ጎማ መሃል ውሃ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ለዚያ ሲባል በበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተትተዋል። በሩን ክፈትና ጎንበስ ብለህ ከስር እያቸው። የመንገድ አቧራ፣ የዛፍ ቅጠል፣ ከመስታወቱ ጎማ የረገፈ ብናኝ ተጋግሮ ደፍኗቸው ታገኛለህ፤ አንዳንዴ የደፈናቸው ቀለም ቀቢው ራሱ ነው። ቀጭን ሽቦ አስገባና አዙረው። መጀመሪያ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ ቀጥሎ ተኝቶ የከረመ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የበርህን ጠርዝ የበላው ያ ውሃ ነው። የሌሎቹንም በሮች ዛሬውኑ ክፈትላቸው፣ ሥራውን ለመጀመር አትጠብቅ።

የኋላ ጎማው ዙሪያ ላይ ደግሞ ሁለት ቆርቆሮ ነው ያለው፣ የውጩና የውስጡ፣ ጠርዛቸው ላይ ተጣጥፈው የተገናኙ። ጎማው የሚረጨው ጭቃ እዚያ እጥፋት ላይ ይጋገራል። ጭቃ ደግሞ ስፖንጅ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል። ጣትህን አስገብተህ ከውስጥ በኩል ጠርዙን ተከተለውና ጭቃውን እየጠረግህ አውጣ። መኪናው ከአውሮፓ ያገለገለ የመጣ ከሆነ ደግሞ እዚያ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚያው እጥፋት ውስጥ ሥራውን ጀምሮ ነው የመጣው።

ምንጣፉንም አንሳው። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ከስሩ ወፍራም ብጭቅጫቂ ጨርቅ አለው፣ አንዴ ከረጠበ በቀላሉ አይደርቅም። እርጥብ ካገኘኸው ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳታገኝ አትመልሰው። ብዙ ጊዜ ከፊት መስታወቱ ጎማ ነው፣ አለበለዚያ ከበሩ ጎማ፣ አለበለዚያ ወለሉ ላይ ያሉት የጎማ ክዳኖች ወድቀው ነው። ባትሪው የሚቀመጥበትንም እየው። እዚያ ያለው ዝገት በአሲድ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የመጋገሪያ ሶዳ በውሃ በጥብጠህ እጠበው፣ አረፋ መድፋቱን ሲያቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው።

ስለ ደፉ። ይሄ መኪና እንደ ላንድክሩዘር ወይም እንደ አይሱዙ ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የለውም። ቦዲው ራሱ ነው ሻንሲው። ከበሮቹ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ሁለት ደፎች የመኪናውን መሃል የሚሸከሙ፣ ከጎን ስትመታም ሕይወትህን የሚያተርፉ ናቸው። እዚያ ላይ ፋይበርና ስቱኮ መለጠፍ ማለት ለዓይን ብቻ የቆመ መኪና መንዳት ነው። የመቀመጫ ቀበቶ የታሰረበት ቦታ፣ የሾክ አብዞርበሩ (የመንገዱን ንዝረት የሚውጠው) የላይኛው መቀመጫ፣ ወለሉ ላይ ያሉት ረጃጅም ተሸካሚዎች፣ እነዚህም እንዲሁ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ምንም ዓይነት ማጣበቂያ፣ ምንም ዓይነት ሪቬት አላውቅልህም። ለቦሎ ሲሄዱ ሸፍነው የሚያልፉ አሉ፣ አውቃለሁ። ፈታሹን ማታለል ይቻል ይሆናል፣ የሚመታህን ሲኖትራክ ግን አታታልለውም።

በያጁን ስትመርጥ በምን እንደሚበይድ ጠይቀው። ለበርና ለመስኮት ፍሬም በሚጠቀሙበት በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ከሆነ 0.8 ሚሊ ላሜራ ላይ ሲነካው ይበሳል፣ ሲበሳ ደግሞ እየሞላ ይሄዳል፤ ጓል የተደረደረበት ነገር ይዘህ ትመለሳለህ። በኦክስጅን የሚበይድ የድሮ ባትላሜራ እጁ ጥሩ ከሆነ ያምርለታል፣ ግን ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራውን ያጎብጠዋል፣ በዙሪያው ያለውንም ቀለምና ማሸጊያ ያቃጥለዋል። የምትፈልገው ሽቦው ከማሽኑ እየወጣ በጋዝ ተሸፍኖ የሚበይደውን ነው፣ ሚግ የሚሉትን፣ 0.6 ሽቦ ያለው ቢሆን ደስ ይለኛል። ከዚያ ሦስት ነገር ተነጋገር። አንደኛ፣ የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ ጤነኛ ብረት ላይ ይበየድ እንጂ በዝገቱ ላይ አዲስ ላሜራ አይደረብ። ሁለተኛ፣ ባንድ ጊዜ ጥርግ አድርጎ ሳይሆን እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያደረገ እያቀዘቀዘ ይሂድ። ሦስተኛ፣ ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፣ ምንጣፉና መቀመጫው ይውጣ፣ ወደ ሰርባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ወይም ወደ ነዳጅ መስመሩ ከተጠጋ ደግሞ ሰርባትዮው ይውረድ። «ምንም አይልም» ካለህ ሌላ ጋራዥ ሂድ። ባዶ ሰርባትዮ ከሙሉው ይልቅ ለፍንዳታ ቅርብ ነው፣ የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው የነዳጅ ትነት ነውና።

የፊት ፓራፋንጎ (ከፊት ጎማው በላይ ያለው ላሜራ) ከሆነ የተበላብህ ብዙም አትድከም። በብሎን ነው የታሰረው። ሶማሌ ተራ ወርደህ ያገለገለ ጤነኛ ፈልግና ቀይረው፣ ለሱ ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ማባከን አያስፈልግም። በሩም የታችኛው እጥፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ አልቆ ከሆነ ሙሉ በር መግዛት ይሻልሃል። ስትገዛ ግን ያንኑ ማግኔት ይዘህ ሂድ፣ ሻጩ ቢስቅብህም።

አሁን ሥራው። በር ላይ የተበሳው ቦታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሆነና የጎማው ዙሪያ ላይ ውስጠኛው ቆርቆሮ ጤነኛ ከሆነ፣ አንተ ትሠራዋለህ። ውስጠኛው ከተበላ ግን እሱም ከደፉ ጋር አብሮ ወደ በያጁ ይሂድ።

ጊዜውን ምረጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም አትንካው። ጥቅምትና ኅዳር ደስ ይላል፣ ጠዋቱ ግን ይቀዘቅዛልና ኬሚካል ነክ ሥራህን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አድርገው። ላሜራው ላይ ጤዛ እያለ ምንም ነገር አይቀባም። የነካኸውን ብረት ደግሞ በዚያው ቀን ሸፍነው። ዛሬ ፍቀህ ነገ እቀባዋለሁ ካልክ ሌሊቱን ብርቱካናማ ሆኖ ያድርልሃል፣ አዲስ ትጀምራለህ።

ሥራ ከመጀመርህ በፊት ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠብ፣ አድርቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ቲነር ነክረህ ሰምና ዘይቱን ጥረግ። ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲህ ሆነ ብትል፣ ሳታጥብ በብርጭቆ ወረቀት ከጀመርክ ሰሙን ወደ ብረቱ ትፍቀዋለህ፣ በኋላ ቀለሙ የዓሣ ዓይን ዓይነት ጉድጓድ እያወጣ ያስቸግርሃል። ግራይንደሩ ላይ የሽቦ ብሩሽ ወይም የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ግጠም። ዓይንህን በመነጽር፣ አፍንጫህን በአቧራ ማስክ ሸፍን። ልጆቹን አርቅ። መስታወቶቹን በወፍራም ካርቶን ሸፍናቸው፣ ይሄን ማንም አይነግርህም፤ የግራይንደር ብልጭታ መስታወት ላይ ሲያርፍ ቀልጦ ይጣበቃል፣ በኋላ ትንንሽ የዝገት ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ አይጠፋም።

እስከየት ልፋቅ ትል ይሆናል። ከእብጠቱ አልፈህ፣ ብሩህ ብረት እስክታገኝ፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ጣት ያህል። በዝገቱ የተሸረሸሩት ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ጥቁር ነጥቦች ይቀራሉ። በሽቦ ብሩሹ ሲታሹ የሚያበሩ ይመስላሉ እንጂ ዝገቱ ተስተካክሎ ተወልውሎ ነው። እነሱን በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲያንስ ሸካራ ነው) ቆፍረህ አውጣ፤ የማይወጣው ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ዝገት ቀያሪ ፈሳሽ በብሩሽ ቀባ። ፎስፎሪክ አሲዱ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፣ ጥቁርና ጠንካራ ሆኖ ይቀራል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቅ፣ እጠብ ካለ እጠብ። ላሜራው በላሜራ ላይ የተጣጠፈበት ቦታ ውስጥ ግን አታፍስሰው፣ ገብቶ የማይታጠብ አሲድ ሌላ ዝገት ነው። ኮካ ኮላ ያጸዳዋል የሚሉህም አሉ። ውስጡ ፎስፎሪክ አሲድ መኖሩ እውነት ነው፣ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ለመኪና ላሜራ ስኳር መቀባት ነው የሚሆንብህ፤ ጠጣው።

የተበሳውን ቦታ ጤነኛ ብረት እስኪደርስ በላሜራ መቀስ ወይም በግራይንደር ቁረጠው። ማዕዘኑን ክብ አድርገው፣ ሹል ማዕዘን በኋላ ይሰነጠቃል። ከቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ 2 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ የ0.8 ወይም የ1 ሚሊ ላሜራ ቁረጥ። ይሄ ቁራጭ ከጀርባ ነው የሚገባው፣ ከፊት አይደለም፤ ከፊት ከለጠፍከው ጉብታ ይሆንና ለመደበቅ ክምር ስቱኮ ትጭናለህ። በጎማው ዙሪያ ላይ ከውስጥ በኩል እጅህ ይገባል። በር ላይ የውስጥ ሽፋኑን ከፈታህ ይገባል። የቁራጩንም የቀዳዳውንም ዙሪያ በ80 ፍቅ፣ በቲነር ጥረግ፣ ባለ ሁለት ጣሳ (ሁለቱ ተቀላቅለው የሚጠነክሩ) የብረት ኤፖክሲ ማጣበቂያ በዙሪያው አድርግና ግጠም። እስኪደርቅ እንዲይዝልህ በየተወሰነ ርቀት በሪቬት እሰረው። የሪቬቱ ራስ ከላሜራው በላይ እንዳይወጣ ቀዳዳውን ከመምታትህ በፊት ቦታውን በመዶሻ ትንሽ ዝቅ አድርገው። ማጣበቂያው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ትንሽ ገንፍሎ መውጣት አለበት፤ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ውሃ ይኖርበታል። ሳይነካ አንድ ሌሊት ይደር።

ይሄ ከብየዳ እኩል ነው አልልህም። ለውጭ ላሜራ፣ ሸክም ለሌለው ትንሽ ቦታ ግን በደንብ ይሠራል፤ ሙቀት ስለሌለውም ላሜራውን አያጎብጥም፣ የጀርባውን ቀለም አያቃጥልም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው፣ ልብ ብለህ አንብበው። እዚህ አገር ልማዱ ብረቱን ካጸዱ በኋላ የተለመደውን፣ ለበርና ለአጥር የሚቀባውን አንቲረስት ቀብተው በላዩ ላይ ስቱኮ መለጠፍ ነው። የመኪና ስቱኮ ፖሊስተር ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ያንን የዘይት አንቲረስት ከስር እያሟሟ ያነሳዋል። ሲደርቅ ደህና ይመስላል፣ ከወራት በኋላ ግን እንደ ቅርፊት ይነሳል። ስቱኮ የሚቀመጠው ወይ በ80 በተፋቀ ራቁት ንጹሕ ብረት ላይ ነው፣ ወይ ባለ ሁለት ጣሳ ኤፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ላይ ነው። እኔ ኤፖክሲውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ውስጡ ያለው ዱቄት ነው የሚጠጣው። ቀዳዳ ላይ ብቻውን የተደፈነ ስቱኮ ከጀርባ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያስበላውም ለዚህ ነው። ያ «ከነገ ወዲያ እሰጥሃለሁ» ያለህ ሰውዬ የሚሸጥልህ ይሄንን ነው።

ስቱኮውን ስትለውስ ማጠንከሪያው በክብደት 2 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ቀለሙ ወጥ እስኪሆን በስፓቶላ እያሸህ ለውስ፣ አትምታው፣ አየር ይገባበታል። ቶሎ ይድረቅልኝ ብለህ ማጠንከሪያ አትጨምር፤ ትርፉ ማጠንከሪያ በኋላ በነጭ ቀለም ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው ያለህ፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እየለወስክ ሥራ። ውፍረቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ አይለፍ። ከዚያ በላይ ካስፈለገህ ላሜራው ገና አልተስተካከለም ማለት ነው፣ ወደ መዶሻው ተመለስ።

ስትፍቅ ብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለው። በጣትህ ከፈቅህ የጣትህን ሞገድ ታወርሰዋለህ። በ80 ቅርጹን አውጣ፣ በ180 አለስልስ፣ በ240 ጨርስ፣ ውሃ ግን አታስነካው፣ ስቱኮ በደረቁ ነው የሚፈቀው። መስተካከሉን በዓይን ሳይሆን በእጅ እወቅ። ቀጭን ጨርቅ መዳፍህ ላይ አድርግና ዓይንህን ጨፍነህ ርዝመቱን አስኪደው፤ ዓይን የማያየውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። ከዚያ ፕራይመር ርጭ፣ ሲደርቅ በ400 ከዚያም በ600 በውሃ አለስልስ።

ቀለም ላይ አጭር ልሁን። የመኪናህ የቀለም ኮድ ኮፈኑን ስትከፍት ከምታየው ቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ አለ። ግን ይሄ ሁሉ ዓመት ፀሐይ ስለመታው የፋብሪካው ኮድ ብቻውን አይገጥምም፤ ቀለም የሚቀምመው ሰው አጠገብ መኪናውን ወይም የሰርባትዮውን ክዳን ውሰድለትና በዓይን ያስተካክልልህ። ቀለሙን መሃል ላይ አታቋርጠው፣ እስከ አንድ የላሜራ ጠርዝ ወይም መስመር ድረስ ሂድ። አሮጌው ቀለም በምን እንደተቀባ ካላወቅህ ጨርቅ ላይ ቲነር ነክረህ ጥግ ላይ እሸው፤ ቀለሙ ከሟሟ ወይም ከተጨማደደ አዲሱ ቀለም ሲነካው ይሸበሸባል፣ መጀመሪያ አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይ ፕራይመር ያስፈልገዋል። ማጠንከሪያ የሚገባበትን ቀለም ግን ራስህ እቤት፣ ግቢህ ውስጥም ቢሆን፣ አትርጨው። ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ሳንባን ለዕድሜ ልክ ያስቆጣል፣ የጨርቅ ማስክ አያቆመውም፣ ተራ የአቧራ ማስክም አያቆመውም። ለሱ ክፍያ ከፍለህ የቀለም ቤት አስረጨው። የጎማ ዙሪያና የበር ታች ብቻ ከሆነ ግን ማጠንከሪያ የሌለው ስፕሬይ በቂ ነው፣ አምስት ስስ ንብርብር ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

እዚህ ደርሰህ «አለቀ» እንዳትል። የጀርባው ነው የቀረህ፣ መኪናውን የሚያቆየውም እሱ ነው። ከውስጥ በኩል የተጣበቀው ቁራጭ ዙሪያውን በማሸጊያ ማስቲሽ ዝጋ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ግን እንዳትደፍናቸው። ከላዩ ፕራይመር። ሲደርቅ በበሩ ሆድና በጎማው እጥፋት ውስጥ ፈሳሽ ሰም አስገባ። ለዚህ የተሠራ ቀጭን ቱቦ ያለው ስፕሬይ ይሸጣል። ሰሙ ወደ መገጣጠሚያው እየሳበ ስለሚገባ እጅህ የማይደርስበት ይደርሳል፣ ሲደርቅም ስለማይሰነጠቅ ከቀለም ይሻላል።

ብዙዎች በሰሙ ፋንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከስር ይረጫሉ። ዝገቱን ትንሽ ያዘገየዋል፣ አልክድም። ግን የሾኩንና ከስር ያሉትን ሌሎች የጎማ ክፍሎች ያለሰልሳል፣ ፍሬን ላይ ከደረሰ አደጋ ነው፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲነካም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ የቀረው ደግሞ ዝናብ ጠርጎት ወደ ወንዝ ይወርዳል። እኔ አልመክርህም።

ላቫጆ ስትሄድ ላዩን ሳይሆን ስሩን አሳጥብ። አጣቢው ጎማው ዙሪያ እጥፋት ውስጥ ግፊቱን እንዲያስገባ ቆመህ አሳየው፣ ጉርሻ ብትጨምርለት አይቀየምህም። በክረምት ብዙ ጊዜ፣ በበጋ አልፎ አልፎ። ካሳጠብክ በኋላ ወዲያው ላስቲክ አታልብሰው። ከስር እርጥበት አፍኖ የሚይዝ ሸራ ከዝናቡ የባሰ ነው፤ ቆርቆሮ ጣራ ያለው ክፍት መጠለያ ካለህ እሱ ይበልጣል።

በል ቅደም ተከተሉን እንዳታሳስተው። ዛሬ የውሃ መውጫዎቹን ክፈት። ከዚያ ደፉን ወደ በያጁ ውሰድ፣ በሩንና ጎማውን ከመንካትህ በፊት፤ ምክንያቱም የብየዳው ሙቀትና ብልጭታ አዲሱን ቀለምህን ያበላሸዋል፣ ደፉ ሲከፈትም የጎማው ውስጠኛ ቆርቆሮ እስከየት እንደተበላ ራሱ ያሳይሃል። በያጁ ሲቆርጠው እዚያው ሁን። የተቆረጠውን ቁራጭ ተቀበለውና ጀርባውን ገልብጠህ እየው፤ ጤነኛ ብረት ሳይደርስ ቆሞ ከሆነ ላሜራው ሳይለጠፍ በፊት «ጨምርልኝ» በለው።